ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰጠመችው ጀልባ

ዕቃው ባልዲው ውስጥ ሆኖ ብልጭ አለ።

ብሩሽ እጇን ከአረፋው አውጥታ ጠበቀች። እንደገና ብልጭ አለ። ነጭ መብራት ነበር፤ ከአረፋው ሥር ሆኖ ባልዲውን ሙሉ ያበራውና ይጠፋል፤ ደግሞ ያበራል። ያየ ሰው እንዳለ ለማወቅ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ዞር አለች። ማንም የለም። አክስቷ ሳሎን ቁጭ ብላ መነጽሯን ትፈልጋለች። መነጽሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ታጥቦ መስኮት ላይ እንዲደርቅ ተቀምጧል፤ ይህን ግን ብሩሽ ገና አልነገረቻትም።

እውነተኛ ስሟ ብሩሽ አይደለም። ያወጣላት አባቷ ነው፤ ያወጣላትም የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የባሕር ካርታውን በሳሙና ፈትጋ ሁለት ደሴቶች ያጠፋችበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት አለፈ፤ አመሏ ግን አልለቀቃትም። ቆሻሻ ነገር ካየች እጇን ይበላታል። አንድ ጊዜ የሒሳብ አስተማሪዋን ማስመሪያ ለምና ቤት ወስዳ፣ አጥባ፣ አድርቃ መልሳለች። አስተማሪው አመስግኗት ሲያበቃ ቁጥሮቹ የት እንደሄዱ ጠየቃት።

የዛሬው ግን በቂ ምክንያት ነበረው። እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ሁለት ሳምንት ከርማ ነገ ማታ ትመለሳለች፤ ቤቱ ደግሞ ሁለቱን ሳምንት በአባትና በአክስት እጅ ወድቆ ሰንብቷል። ስለዚህ ብሩሽ ከጠዋት ጀምራ መጋረጃውን አጠበች፤ ጫማዎቹን አጠበች፤ ካልሲዎቹን በሙሉ አጠበች። ከዚያ ዞር ስትል ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ ያ ቢጫ ዕቃ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ያህላል፤ አናቱ ላይ ቀጭን አንቴና አለው። ለወትሮው ቦታው የአባቷ ጀልባ ጣሪያ ላይ ነው። ጀልባዋ «አይዞሽ» ትባላለች፤ አሁን ከውሃ ወጥታ ቀለም እየተቀባች ስለሆነ አባቷ ዕቃው እንዳይጠፋበት ፈትቶ ቤት አምጥቶታል። ጀልበኞቹ «ጠሪው» ይሉታል። ጀልባ ሲሰጥም ተንሳፍፎ ይወጣና ሰማይ ላይ የሚዞሩትን ሳተላይቶች ይጠራል፤ እነሱ ደግሞ መሬት ላይ ላሉት የነፍስ አድን ሰዎች ያሳውቃሉ። አባቷ መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጠው ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ «ይህን ዕቃ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ነበር። ቀጥሎ ወደ ልጁ ዞረና፣ «ማንም ስል አንቺን ማለቴ ነው» አለ።

ብሩሽ ይህን አልረሳችም። ልትረሳውም አትችልም፤ ምክንያቱም ትምህርት ሲዘጋ ከአባቷ ጋር ባሕር ልትወጣ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምና ያገኘችው ቃል ነው። አሥራ አንድ ቀን፣ ከወደብ ወደብ ጭነት እያደረሱ፣ የራሷ አልጋና የራሷ የሥራ ድርሻ ኖሯት። ቃሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረው፤ ሳታስፈቅድ የጀልባዋን ዕቃ እንዳትነካ። ጠሪው ላይ ግን የአምስት ዓመት የወፍ ኩስ ደርቆ ተጋግሮበታል። ደግሞም ጀልባ ላይ ሳለ ዝናብ ሲደበድበው የሚውል ዕቃ፣ የባልዲ ውሃ ምን ያደርገዋል?

ያላወቀችው ነገር ቢኖር ማቀፊያውን ነው። ጠሪው ጀልባዋ ላይ ሲቀመጥ የሚገባበት የራሱ ማቀፊያ አለው፤ እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ዝናብም ማዕበልም ቢመታው አይነሳም። ከማቀፊያው ወጥቶ ውሃ ሲነካው ግን ጀልባዋ እንደሰጠመች አምኖ ሥራውን ይጀምራል። ማቀፊያው ደግሞ ጀልባዋ ላይ እንደታሰረ ቀርቷል። ምስኪኑ ዕቃ ባልዲን ከባሕር የሚለይበት መንገድ አልነበረውም።

ብሩሽ ከባልዲው አወጣችውና በፎጣ ጠራረገችው። ብልጭ ማለቱን አልተወም። «እርጥበት ገብቶበት ነው፤ ሲደርቅ ይተዋል» ብላ ራሷን አጽናናች። የካልሲ ማጠቢያው መረብ ከረጢት ውስጥ ከተተችውና በረንዳ ወስዳ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ ከመጋረጃውና ከካልሲዎቹ መሀል፣ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀለችው። በዚያ ሕንፃ ላይ ሰማዩ በደንብ የሚታይበት ቦታ ቢፈለግ ከዚያ የተሻለ አይገኝም ነበር። ከጎኑ የተሰቀለው እርጥብ መጋረጃም በንፋሱ እየተለጠፈበት አላደርቅ አለው።

በዚህ መሀል ጠበቃ መጣ። ጠበቃ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ይኖራል። ስሙን ያገኘው የቤት ሥራ ሳይሠራ መጥቶ አስተማሪውን ይቅርታ እስከማስጠየቅ ስለሚደርስ ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ገመዱን አየ፣ ጠሪውን አየ፣ ከዚያ ጠጋ ብሎ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ለአደጋ ጊዜ ብቻ» ይላል።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ሰው ይጠራል እኮ» አለ።

«ማንን?»

«ሁሉንም። ከላይ ሳተላይት፣ ከታች ባሕር ኃይል። በቃ፣ ተበላሽ!»

ብሩሽ ክው አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዕቃውን አበላሸሁት ብላ ነበር የፈራችው፤ ዕቃው በደንብ እየሠራ ይሆናል ብላ አላሰበችም።

ሳሎን ውስጥ የአክስቷ ስልክ ጮኸ። ብሩሽ በበረንዳው መስታወት አየቻት። አክስቷ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ፣ አቅርባ፣ እንደገና አርቃ ካየችው በኋላ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። አክስቷ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም። ድሮ ታነሳ ነበር፤ አንድ የማይታወቅ ሰው ደውሎ መኪና ወጥቶልዎታል ብሎ ሦስት ቀን ካስጨፈራት በኋላ ግን ማለች። ስልኩ አምስት ጊዜ ጮኸ። በስድስተኛው ዝም ብሎ አጭር ድምፅ አሰማ፤ መልእክት ገባ።

አክስቷ ብሩሽን ጠራቻትና መነጽሬን ያጠፋ ስላጠፋው አንቺ አንብቢልኝ ብላ ስልኩን ሰጠቻት። ብሩሽ በልቧ አነበበችው።

«ይህ የነፍስ አድን ማዕከል ነው። ‹አይዞሽ› ከተባለችው ጀልባ የአደጋ ጥሪ በሳተላይት ደርሶናል። የጀልባዋ ባለቤት ስልክ አያነሱም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነፍስ አድን ጀልባ ይወጣል። የሚያውቁት ነገር ካለ በዚህ ቁጥር በአስቸኳይ ይደውሉ።»

አባቷ ስልክ የማያነሳው የታወቀ ነው። ቀለም ሲቀባ ጃኬቱን ያወልቅና ስልኩን ከነኪሱ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ሁለተኛው ተጠሪ ደግሞ ይህቺው አክስቷ ናት፤ ቁጥሯን ያስመዘገበው እራሱ አባቷ ነው፤ ሁልጊዜ ከቤት ስለማትጠፋ።

«ምን ይላል?» አለች አክስቷ።

ብሩሽ ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም። በዓይነ ኅሊናዋ አሥራ አንዱ ቀን፣ የራሷ አልጋና የራሷ የሥራ ድርሻ አንድ በአንድ ሲሰጥሙ ታያት።

«ማቀዝቀዣ ወጥቶልዎታል ይላል።»

አክስቷ ድል ያደረገ ሰው ፊት አሳየች። እሷ እንዲህ ዓይነቶቹን ከድምፃቸው እንደምታውቅ፣ ድምፃቸውን ሳትሰማም እንደምታውቅ፣ ወንድሟ ግን ስልክ አንሺ እያለ እንደሚጨቀጭቃት ነገረቻት። ከዚያ ወደ ሶፋው ተመልሳ ትራሱ ሥር መነጽሯን መፈለጓን ቀጠለች። ስልኩ ብሩሽ እጅ ውስጥ ቀረ።

በረንዳ ስትመለስ ጠበቃ መከራከሪያውን አዘጋጅቶ ጠበቃት። አንደኛ፣ ማንም አላያትም። ሁለተኛ፣ የነፍስ አድን ሰዎቹ ባሕሩን አይተው ምንም ሲያጡ ራሳቸው ይመለሳሉ። ሦስተኛ፣ ጠሪው ሲደርቅ ይተዋል፤ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ቦታው ይገኛል፤ አባቷም ሲያየው ንጹሕ ከመሆኑ በቀር ምንም የጎደለ ነገር የለም። ዝም ማለት ደግሞ ውሸት አይደለም። ማቀዝቀዣው ውሸት መሆኑን አምኗል፤ እሱን ግን ከጉዳዩ ጋር አናያይዘው አለ።

ሁሉንም በደንብ ነው ያለው። ብሩሽ ለመስማማት አፏን ስትከፍት ንፋሱ መጋረጃውን ገልቦ ፊቷ ላይ አለበሳት። ከጠዋት ጀምሮ እየበረታ የመጣ ንፋስ ነበር። መጋረጃውን ስትገፋው ከኋላው የተሰቀሉት ቀይ ካልሲዎች ብቅ አሉ።

ካልሲዎቹ የቤተሰቡ አይደሉም። ካቻምና የ«አይዞሽ» ሞተር ባሕር መሀል ጠፍቶ አባቷ ከነሠራተኛው ግማሽ ቀን ሲንገላታ፣ ጎትቶ ያመጣቸው የነፍስ አድኑ ጀልባ ነበር። አባቷ ቤት ሲደርስ ብሩሽ በመጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው፤ ጫማ የለውም፤ ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ቀይ የሱፍ ካልሲ አድርጓል። አንድ የማያውቀው ግዙፍ ሰው እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ ከገዛ እግሩ አውልቆ ነው ያጠለቀለት። አባቷ ነገ እመልስለታለሁ አለ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ሁለት ዓመት ሞላው። ካልሲዎቹን በየወሩ የምታጥባቸው ብሩሽ ናት፤ ሲመለሱ ንጹሕ እንዲሆኑ።

ያ ሰውዬ አሁን የሕይወት አድን ጃኬቱን እያጠለቀ ይሆናል። በዚህ ንፋስ፣ ልብስ ማስጫ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ፍለጋ ሊወጣ ነው። ብሩሽ መልእክቱ የገባበትን ሰዓት አየች፤ ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል።

«ልደውል ነው» አለች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አስቢበት።»

«አስቤበት ነው።»

ስልኩ አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ ተነሳ። የረጋ የወንድ ድምፅ ነው፤ የነፍስ አድን ማዕከል ተረኛ መሆኑን ተናገረ።

«‹አይዞሽ› አልሰጠመችም» አለች ብሩሽ። እንደምን ዋሉ ማለት ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጀልባዋ አሁን የት ናት?»

«መሬት ላይ። ጀልባ ማደሻው ግቢ ውስጥ ቀለም እየተቀባች ነው። አባቴም እዚያው ነው፤ ደህና ነው።»

«ጠሪውስ?»

«ልብስ ማስጫ ላይ።»

ተረኛው እየጻፈ እንደሆነ በሚያስታውቅ አነጋገር፣ «ልብስ… ማስጫ… ላይ» አለ። «ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«ሦስተኛ።»

ይህን ስትለው እንደ መተንፈስ ያለ ድምፅ ሰማች። ተረኛው ችኩል ሰው አልነበረምና አስረዳት። የአባቷ ጠሪ የድሮ ነው፤ ያለበትን ቦታ ራሱ አይናገርም። ሳተላይቱ በላዩ ሲያልፍ የምልክቱ ሞገድ ሲቀርብ መጥበቁን፣ ሲርቅ መላላቱን አይቶ ቦታውን ያሰላል፤ በመጀመሪያው ዙር ታዲያ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ነው የሚሰጠው፤ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው ከሳተላይቱ መንገድ ወዲያ ማዶ ያለ ግልባጩ። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚለየው ሌላ ሳተላይት ሲያልፍ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። አንደኛው ነጥብ ክፍት ባሕር ላይ አረፈ። ሌላኛው ከተማ መሀል አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ።

«አሥራ ሰባት ዓመት ስሠራ ፎቅ ላይ የሰጠመ ጀልባ አላጋጠመኝም» አለ ተረኛው። «ስለዚህ ባሕሩን መረጥን። አራት ሰዎች ሞተር አስነስተው ትእዛዝ ይጠብቃሉ።»

ብሩሽ ቁጣውን ጠበቀች። ተረኛው ግን አልተቆጣትም፤ ጠሪውን ከገመዱ እንድታወርደውና ጎኑ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች እንድትፈልግ አዘዛት። ዕቃው ውሃ የሚያውቀው በእነሱ ነው። እስኪደርቁ ድረስ ጥርግ አድርጋ ታብሳቸው፤ ውሃ ግን በምንም ዓይነት እንዳትጨምር። ጠበቃ መረቡን ፈታ፤ እሷ በደረቅ ጨርቅ አበሰች፤ አረፋ የገባበትን ስንጥቅ በጥርስ ብሩሽ ፋቀች፤ እንደገና አበሰች። በሕይወቷ ያለ ውሃ ስታጸዳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እንደዚያ ቀን ጠንቅቃም አጽድታ አታውቅም። መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ። ጠበቁ። ደግሞ አላለም።

«ጠፋ» አለች።

«ጎበዝ። አሁን ትልቅ ሰው አቅርቢልኝ። ሰዎቹን የምመልሰው ጀልባዋ መሬት ላይ መሆኗን ትልቅ ሰው ሲያረጋግጥልኝ ነው።»

ይህኛው ከሁሉም ባሰ። ብሩሽ መጀመሪያ ከመስኮቱ መነጽሩን አነሳች፤ ቀጥላ አክስቷ ፊት ቆመችና ሁሉንም ፍርጥ አድርጋ ተናገረች፤ ጠሪውን፣ ባልዲውን፣ መልእክቱን፣ የማቀዝቀዣውን ውሸት፣ የመነጽሩን ነገርም ጨምራ። አክስቷ ታጥቦ የጠራውን መነጽር አደረገች። በእሱ ውስጥ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ምናልባት በደንብ ስታያት ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዋ ይሆናል።

«ማቀዝቀዣ አልወጣልኝም ማለት ነው» አለች በመጨረሻ፤ እጇንም ለስልኩ ዘረጋች።

የማታውቀውን ቁጥር ስታናግር መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ኮስተር ያለ ነበር። ተረኛው ሠራተኛ ለመሆኑ ማስረጃ ጠየቀችው። እሱም የጀልባዋን መመዝገቢያ ቁጥርና የወንድሟን ስም ከነአያቱ ነገራት። ከዚያ ነፍሷ መለስ አለችና፣ ጀልባዋን ትናንት በዓይኗ አይታታለች፣ መሬት ላይ ናት፣ ቀለሙን ግን አልወደደችውም ብላ አረጋገጠች። ተረኛው አመስግኗት እዚያው በሌላ መስመር፣ «ይመለሱ» ሲል በስልኩ ውስጥ ተሰማ። ብሩሽ እፎይ ብላ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ተረኛው ልጅቷን እንደገና እፈልጋታለሁ ሲል ግን ብድግ አለች።

ተረኛው የሚሞላው ቅጽ እንዳለ ነገራት። ቅጹ ላይ ምክንያት የሚል ባዶ መስመር አለ።

«ውሃ ነክቶት በራሱ ተነሳ ብዬ ልጻፍ? ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

ብሩሽ ወረቀቱ አባቷ ዘንድ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀች። ነገ ጠዋት ጠሪውን ለማስመርመርና ባትሪውን ለማስቀየር ሲመጣ አንብቦ ይፈርማል አላት። ውሃ ነክቶት። ውሸት አይደለም፤ ውሃ ነክቶታል። ጠበቃ ከጎኗ ሆኖ ጣቶቹን ከላይ ወደ ታች እያርገበገበ የዝናብ ምልክት ያሳያታል፤ አፉም ያለ ድምፅ «ዝናብ፣ ዝናብ» ይላል። አክስቷ እንኳን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አልሰማሁም በሚል ሁኔታ ተቀምጣለች። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አሥራ አንዱ ቀን አንድ ቃል ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«አይ» አለች። «ሳላስፈቅድ ባልዲ ውስጥ ነክሬ አጠብኩት ብለው ይጻፉ።»

ጠበቃ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ስም?» አለ ተረኛው።

ሙሉ ስሟን ነገረችው፤ ብሩሽ የሚለውን ሳይሆን ትምህርት ቤት የምትጠራበትን። ተረኛውም አንድም ሳይሳሳት ጻፈው።

አባቷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እጆቹ እስከ ክንዱ ሰማያዊ ሆነው ገባ። ስልኩን ገና አላየውም። አክስቷ ስለ ንፋሱ ልታወራው ጀምራ ነበር፤ ብሩሽ ግን ሁለተኛ ጫማውን እስኪያወልቅ አልጠበቀችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። አባቷ በአንድ ጫማ እንደቆመ ሰማ። ሲያበቃ ጠረጴዛው ላይ ደረቅ ፎጣ ተነጥፎለት የተቀመጠውን ጠሪ ሄዶ አገላብጦ አየው። ይህን ሲያይ ጠበቃ ቤቱ እንደሚፈለግ ትዝ ብሎት ወጣ።

«በምን አጠብሽው?»

«በልብስ ሳሙና።»

«የወፉ ኩስ በልብስ ሳሙና ለቀቀ?»

«ለቀቀ።»

«እኔ አምስት ዓመት ፍቄው እምቢ ብሎኛል» አለ። ወዲያው ግን ፊቱ ተመልሶ ኮስተር አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ያለ ማቀፊያው ቤት ያመጣው እሱ መሆኑን፣ ይህ የእሱ ጥፋት እንደሆነ፣ ነገም እንደዚያው ብሎ እንደሚፈርም ነገራት። ስለ እሷ ጥፋት ምንም አላለም።

«ትምህርት ሲዘጋስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱን እናያለን።»

ብሩሽ እናያለን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ትላልቅ ሰዎች እናያለን ያሉት ነገር ታይቶ አያውቅም። አልለመነችም፤ አልተከራከረችም። በረንዳ ወጥታ ቀያዮቹን ካልሲዎች ከገመዱ አነሳች፤ ደርቀዋል፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት አባቷ ወደ ማዕከሉ ሊሄድ ሲነሳ እሷም ካልሲ የምታደርሰው ሰው እንዳላት ተናግራ ነጩን ሹራቧን ለበሰች። አባቷ በሩ ጋ ቆሞ ጫማውን ሲያስር ጠሪው መደርደሪያው ላይ ነበር። አሰረና ቀና አለ። ዕቃውን አየ፤ እሷን አየ።

«ያዢው» አለ።

«እኔ?»

«ማቀፊያው ገና ጀልባዋ ላይ ነው። እንዳይረጥብ ሰው መያዝ አለበት።»

ብሩሽ ጠሪውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ቀለል ያለ ዕቃ ነው፤ እሷ ግን ደረጃውን ስትወርድ እያንዳንዷን ደረጃ በእግሯ እየዳበሰች ነው የወረደችው። አንደኛ ፎቅ ላይ ጠበቃ በሩን ከፈት አድርጎ፣ የያዘችውን ዕቃ አይቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው።

መንገድ ላይ ካፊያ ጀመረ። መጠለያ በአቅራቢያው አልነበረም። ብሩሽ ቆመች፤ ነጩን ሹራቧን አወለቀች፤ ጠሪውን አንቴናው ሳይቀር ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ውሃው በአንገቷ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ። አባቷ ጃኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና ጎን ለጎን መራመዱን ቀጠለ። ማዕከሉ ሊደርሱ አንድ መንገድ ሲቀራቸው አንድ የጭነት መኪና ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ረግጦት አለፈ። ጭቃው ከጫማዋ እስከ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷም እስከ ሹራቡ ጫፍ ቀባት።

ብሩሽ ጭቃውን አየች። እጇን በላት። አሥሩም ጣቶቿ በላት። መሐረብ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ እሱን ለማውጣት ግን አንድ እጅ ያስፈልጋል።

አባቷ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ዓይኑ እጆቿ ላይ ነው።

«ይሁን፣ ቆይቶ ይታጠባል» አለችና ዕቃውን ጠበቅ አድርጋ መንገዱን ተሻገረች።